ደጅ የወጣው አልጋ

መጀመሪያ የታወቀኝ ሳሉ አልነበረም፤ ላቡ ነው። ንጋት ላይ ስነሣ ነጠላዬ ከወንዝ የወጣ ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትኩሳት ይነሣብኛል፣ ጉንጬ ይቀላል። ጎረቤቶቼ ሐዘኑ ቀለል ብሎልሽ ወዝሽ ተመለሰ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አወቅሁት። ባለቤቴ ወልዴ ያረፈው እንዲሁ ቀልቶ፣ እንዲሁ በላብ ተጠምቆ ነው። አንድ ቀን ሳስል በነጠላዬ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። ልጄ አስቴር ገና መራመድ መጀመሯ ነበር። የምትተኛው በብብቴ ሥር ነው።

ይህን የምጽፈው በቤታችሁ የሚያስል ሰው ላላችሁ ነው። የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው፤ ወልዴ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማልና።

እሱ የጉኑኖ መንደር ልጅ ነው። በወጣትነቱ ጅቡቲ ወርዶ በወደቡ ተሸካሚ ነበር። ቤታችን ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው፤ እንደ አገሩ ቤት ክብ ሆኖ ረጅም፣ የሣር ክዳኑ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ዝቅ ያለ አንድ በር ብቻ ያለው። ከብቶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላው፣ እሳቱ መካከል። የሚሞቅ፣ በንጽሕና የተያዘ ቤት ነበር። ወልዴ ሲታመም እናቱ ከጉኑኖ መጡ። በሽተኛ ምች እንዳይመታው ይሸፈን የለ? አማቴም የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በእበት መረጉ፤ በሩ ላይ የእንሰት ቅጠል ደራርበው ሰቀሉ። ያየ ሁሉ እናት ማለት እንዲህ ናት ብሎ አመሰገናቸው።

ወልዴ ግን ደጅ አውጡኝ ይል ነበር። በጅቡቲ የድሃው ቤት ከሣጥን እንጨትና ከጋዝ ቆርቆሮ የተገጣጠመ፣ ቀን እንደ ምድጃ የሚግል ስለሆነ፣ ሲመሽ ሰው ሁሉ ሰሌን ዘርግቶ ውጭ ያድራል ብሎ አጫውቶኛል። እዚያም የሚያስል አይጠፋም፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ መልሶ አይጠጣም ነበር ይለኝ ነበር። ልመናውን ሰው ከቅዠት ቆጠረው። በእጁ ከበሩ ጎን ያለውን ሜዳ እያመለከተ ለመነ። አልወጣም። በጨለማው ውስጥ አለፈ። የወጣው ለቀብር ነው።

ደሙን ባየሁ ማግስት ወደ ሚሲዮኑ ሐኪም ሄድሁ። ፈረንጅ ነው፤ አማርኛውን ቢሰባብረውም ያስረዳል። አክታዬን በማይክሮስኮፕ አየ፣ ደረቴን አዳመጠ፣ ትኩሳቴን በቴርሞሜትር ለካ።

“ቱበርኩሎሲስ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ” አለኝ። “የሚያድን መርፌ የለኝም። መድኃኒቱ ንጹሕ አየር፣ ዕረፍትና ምግብ ነው። ሕፃኗ ዛሬውኑ ካንቺ ትለይ።”

ተለየች። ከቀብሩ በኋላ አብረውኝ የቆዩት አማቴ ማድ ቤት ይዘዋት አደሩ። ስታለቅስ እሰማለሁ። አልሄድም።

ከዚያ ሐኪሙ ቤቱን ሊያይ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሲገባ ጭሱ ዓይኑን አስነባው። አማቴ በወላይትኛ፣ ይኼስ ደግ ሰው ነው፣ ሳይቀመጥ ለልጄ አለቀሰ አሉኝ፤ በዚያ ሁሉ መካከል ሣቅሁ። አልጋዬ ደጅ እንዲወጣ በእኔ አስተርጓሚነት ሲነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

“ልጄን ቀበርሁ። ምራቴን ደግሞ ለጅብ ላውጣ?”

ሐኪሙ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የተወለደው በትልቅ ከተማ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በተካበ ፎቅ ውስጥ እንደ ሆነ፣ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ ታጭቆ እንደሚኖር፣ የውኃው ቧንቧ ለሁሉም አንድ እንደ ነበር ነገራቸው።

“ፈረንጅም ድሃ አለው?” አሉት።

“ብዙ።”

“በድንጋይ ቤት እየኖረ?”

“በድንጋይ ቤት እየኖረ። አንዲት መስኮት ነበረችን። ለከሰል የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ፣ እናቴ ብርዱን ፈርታ በወረቀት ለጥፋ ዘጋቻት። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ሲያስል ቆይቶ ሞተ።”

አማቴ እሳቱን ቆሰቆሱ። “እንግዲያ እናትህ እንደ እኔ ነበረች” አሉት።

“እንደ እርስዎ ትወደው ነበር” አለ።

በነጋው ማጭድ ሣር ሲቆርጥ ሰምቼ ነቃሁ። አማቴ በምሥራቅ በኩል ክዳኑን እየከፈቱ፣ በገዛ እጃቸው የመረጉትን እበት እየፈነቀሉ ነበር። ብርሃን ገባ። ከዚያም ጎረቤት በደቦ ጠርተው ከበሩ ጎን፣ ወልዴ ያመለክት በነበረበት ሜዳ ላይ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ዙሪያው የታጠረ ዳስ አስተከሉልኝ። አንድ ሽማግሌ ለጅብ ማዕድ እያቀረብን ነው እያሉ ቢያጉረመርሙም፣ የአጥሩን ካስማ ከሁሉ አጠባብቀው የተከሉት እሳቸው ናቸው።

በዚያ ዳስ ውስጥ በጋውን ተኝቼ፣ ዝናሙም ሲመጣ ክዳኑ ተደርቦልኝ፣ ጠዋት ጉሙ ከዳሞታ ላይ ሲገፈፍ እያየሁ፣ አማቴ የሚያመጡልኝን የፈላ ወተት፣ እንቁላልና በቅቤ የራሰ፣ ቦዬ የሚባል የአገሩን ሥራ ሥር እምቢ ሳልል እየበላሁ፣ መጀመሪያ ላቡ ተወኝ፣ ቀጥሎ ትኩሳቱ፤ ሳሉ በመጨረሻ እንደ ሰለቸው እንግዳ ሹልክ ብሎ ሄደ። ሐኪሙ አክታዬን ደጋግሞ ከመረመረ በኋላ ልጅሽን እቀፊ አለኝ። አስቴር መጀመሪያ አላወቀችኝም። ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና ቆይታ፣ ከዚያ መጣች።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙንና ጎረቤቶቼን አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያችን የተሰበረች እናት፣ በመረገችበት በዚያው እጇ ግድግዳውን የከፈተችውን።

አንዳንዱ ሰው የቆርቆሮ ቤት ካልሠራሁ አልድንም ይላል። እኔ የዳንሁት በዚሁ በሣር ቤት ነው። የድሃ ቤት በየአገሩ ይለያያል፤ አንዱን ሙቀት ወደ ውጭ ያባርረዋል፣ ሌላውን ብርድ ቤቱን ያዘጋዋል፣ እኛን ደግሞ የምች ፍርሃት። ስለዚህ የሌላውን አገር ቤት ከመመኘት የራሳችሁን ምን እንደ ዘጋው ተመልከቱ። የበሽተኛውን አክታ ክዳን ባለው ጣሳ ከአመድ ጋር ያዙና አቃጥሉት። ዋንጫው ለብቻው ይሁን። ሕፃን አጠገቡ አይተኛ። በሽተኛችሁም ደጅ አውጡኝ ቢላችሁ፣ አውጡት።