ስክሪኑን ያጠፋሁ ቀን

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳስተምር፣ ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ከተግባር ትምህርቱ ነፃ አደርጋቸው ነበር። ማለፊያ ውጤት ሰጥቼ አሰናብታቸዋለሁ፣ አለቀ። ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር፣ ሞኙ!

ከማሻ የመጣች አንዲት ተማሪ ግን አሻፈረኝ አለች።

«ቲቸር፣ ማጂ የምትኖር እህት አለችኝ። ብሬይል አታነብም። ደብዳቤ የምልክላት ሰው ለምኜ አስጽፌ ነው፤ በሰው እጅ ሲጻፍ ደግሞ የሆዴን አልናገርም። ያስተምሩኝ።»

እሺ አልኩና በመጀመሪያው ቀን እጇን ይዤ ማውሱ ላይ አስቀመጥኩት።

«እዚህ ጋ ተጫኚ።»

«እዚህ ማለት የት ነው?»

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉን ዘግቼ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት የተየብኩ ሰውዬ የገዛ ስሜን መጻፍ አቃተኝ። በማግስቱ ስነግራት ከት ብላ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ኪቦርዱን በጣቶቿ ዳበሰችው።

«እነዚህ ሁለት ቁልፎች ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። አላዩዋትም እንዴ?»

አላየኋትም! ሁለቱን አመልካች ጣቶቿን እዚያ ስታሳርፍ ሌሎቹ ቦታቸውን አገኙ። ጉብታው ያለቀባቸው አሮጌ ኪቦርዶች ላይ ማስቲሽ ጠብ አድርገን አደረቅን። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ እንደጠፋ፣ እኔ የትኛው ፊደል የት እንዳለ ስነግራት፣ እሷ ሳያዩ እንዴት እንደሚገኝ ስታሳየኝ ከረምን። ኮምፒውተሩ አማርኛ አያነብላትም፤ ስለዚህ የልምምድ ገጾቿን እያተምኩ ስህተቷን የምነግራት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ይጨማለቅ ነበር፤ እየቆየ እስክሪብቶዬ ሥራ ፈታ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ልትጽፍ ተቀመጠች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ በመስኮቱ ወደ ውጭ አያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የቁልፎቹ ድምፅ እንኳ አይሰማኝም። በመጨረሻ ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ተፋ። ልማድ ሆኖብኝ እጄን ዘረጋሁ።

«አምጪው፣ ስህተት ካለ ልየው።»

ወረቀቱን ቀድማኝ አነሳችና አራት ቦታ አጠፈችው።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ይቺ የእህቴ ናት» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግዜር ይስጣት፣ ምን ብላ እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላውቅም።