የእማዬ ሞንስቴራ

ዛሬ አመሻሽ ላይ ሞንስቴራውን ውሃ ሳጠጣው የእርጥብ አፈሩ ሽታ ስዊድን፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ መስኮቱ አጠገብ ትቆምና የዚህን ተክል ሰፋፊ ቅጠሎች በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ታናግረው ነበር። «ብርዱ ጉድ ነው! አንተስ እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች። እኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ነበር። አንድ ቀን በስዊድንኛ፣ «ደግሞ ተክል ይሰማል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት።

ቀና ሳትል፣ «እሱ ቢያንስ በስዊድንኛ አይመልስልኝም» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ይበልጥ ሳቅኩ።

እማዬ ካረፈች ዓመት አለፈ። ሞንስቴራው አሁን እኔ ቤት ነው። ጨርቁን አርጥቤ አንዱን ቅጠል ያዝኩና በተሰባበረው አማርኛዬ፣ «እንዴት ዋልሽ፣ እማዬ?» አልኩት።