ካፒቴን አሻግሬ ኮምፒዩተር ሲመርጥ

አሻግሬ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው አይደለም፤ ራሱም ይኮራበታል። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ተቀምጦ፣ እስረኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ሞባይልና ቦርሳ በአደራ ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ስልክ ይዞ መግባት አይቻልማ። ታዲያ ሲረከብ ስልኩን ያገላብጠዋል፤ መስታወቱ ድሮውኑ የተሰነጠቀ መሆኑን ባለቤቱን በገዛ አፉ ያስመሰክረዋል፤ ሲመልስም ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። "ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል ይገኛል ስንጥር" ሳይል የዋለበት ቀን የለም።

የሚገርመው፣ ሰው እሱን ማመኑ ነው። በዚያ በር ላይ ዕቃ የሚጠብቁ ሞልተዋል፤ አገር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ግን "ካፒቴን ጋ አስቀምጡ" እየተባለ ወደ እሱ ይላካል። መንግሥት ጄት አምኖ የሰጠው አብራሪ ስልክ ይሰርቃል? እንዴት ተደርጎ! የአሻግሬ እንጀራ የቆመው በዚች ካፒቴን በምትባል ስም ላይ ነበር፤ ስሟ ደግሞ የሱ አልነበረችም።

ዋሽቷል ብዬ ደፍሬ አልናገርም፤ አልዋሸም ብዬም አልምልለትም። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ቃሊቲ የገባው የአየር ኃይል የቆዳ ጃኬት ለብሶ ነው። የት ነበርክ አሉት፤ አየር ኃይል አለ። አብራሪ ነበርክ? ሲሉት ዝም አለ። ደክሞት ነበር፤ ትንሽም ደስ ብሎት ነበር። ሰፈሩ ዝምታውን እንደ ትሕትና ቆጠረለትና ሳምንት ሳይሞላ ካፒቴን ተባለ። እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ፈለቀች ብቻ ናት። አሻግሬ ከአሰብ ደብረ ዘይት ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር ነበር። ጄቶቹን አጠጣቸው እንጂ አላበረራቸውም። ፈለቀች "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ባለችው ቁጥር ኩርፊያው ለሁለት ቀን ይበቃው ነበር።

ከቃሊቲ አለፍ ብሎ ያለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሰው መግባት በጀመረበት ዓመት፣ ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤቱ ሙሀመድሁሴን ሊያነጋግረው መጣ። ሙሀመድሁሴን የወሎ ሰው ነው፤ አንድ አይሱዙ አለችው፤ ራሱ እየነዳ እህልም አሸዋም ይጭንባታል። ልጁ ነጅላ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ለአብራሪነት ልትወዳደር ተመዝግባለች። ሲሙሌተር የሚባል፣ አውሮፕላን ማብረርን በኮምፒዩተር የሚያለማምድ ፕሮግራም አለ፤ በሱ የተለማመደ ፈተናው አይከብደውም ብለዋታል። ችግሩ ተራ ኮምፒዩተር አይሸከመውም፤ ጉልበት ያለው ዴስክቶፕ ይፈልጋል።

"ካፒቴን፣ እኔ የማውቀው ጎማና ዘይት ነው" አለ ሙሀመድሁሴን። "ለበረራ የሚሆነውን እርስዎ ይምረጡልን። ከዚያ ልጅቷን ትንሽ ያሳዩልኛል።"

አሻግሬ በልቡ ጠየቀ፦ ለምን እኔን? ለምንስ አሁን? ከተማው የኮምፒዩተር ባለሙያ ሞልቶበት የለም እንዴ! ከሰውየው ከንፈር ላይ ፈገግታ ፈለገ፤ አጣ። ማጣቱ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረው፤ የሚያሾፍ ሰው እኮ አይስቅም።

በማግስቱ ጥርጣሬው እግር አወጣ። ኦላና የሚባል፣ ድሮ እዚያው አየር ኃይል ግቢ መካኒክ የነበረ ሰው ቱሉ ዲምቱ ቤት ደርሶት ገብቷል። አሻግሬ ካየው ጀምሮ መንገድ እየቀየረ ነበር የሚሄደው። ያን ቀን ታዲያ ይኸው ኦላና ከሙሀመድሁሴን ጋር ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያወራል። አለቀ፣ ነግሮታል አለ በልቡ። ሊያዋርዱኝ ነው፤ ሰው ፊት ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጠው አብርር ሊሉኝ ነው።

እምቢ እንዳይል፣ እምቢ ያለ ካፒቴን ያስጠረጥራል። እሺ ብሎ ቢመርጥ ደግሞ ማስተማሩ ይከተላል። ስለዚህ አንድ ብልሃት ዘየደ፦ እሺ ብሎ መሄድ፣ ግን የሚሆን ኮምፒዩተር አለማግኘት።

መጀመሪያ ከነጅላ ጋር ሦስት ሆነው ፒያሳ ሄዱ። አሻግሬ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ብዙ አዳመጠና ማራገቢያው ያንኮራፋል አለ። ባለሱቁ አዲስ ነው ብሎ ቢምል፣ አዲስ የሆነ ነገር በመጀመሪያ ቀኑ ካንኮራፋ ሲያረጅ ምን ሊሆን ነው ብሎ ዘጋው። መገናኛ ደግሞ ክዳኑን አስከፍቶ አሸተተው። ሽቦ ተቃጥሎበታል፤ ብሎኑም የመፍቻ ጭረት አለው፤ ዋናውን ዕቃ አውጥተው ሌላ ተክተውበታል አለ። ሻጩ ደሙ ፈላ። ሙሀመድሁሴን ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ጋራዥ ውስጥ ስንት ጊዜ ዕቃ የተቀየረበት ሰው ነውና ነገሩ ገባው።

ቦሌ ያገኙት ግን ጉድ ነበር። ግራፊክስ ካርዱ ትልቅ፣ ራሙ የተትረፈረፈ፤ አውሮፕላኑ እስክሪኑ ላይ ሳይንቀጠቀጥ ሲንሳፈፍ ነጅላ አፏን ይዛ ቀረች። አሻግሬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጥቂት አየና፣ "ሰማይ እንዲህ ሰማያዊ አይደለም" አለ። ማን ይከራከረዋል? ከዚያ ሁሉ ሰው ሰማይን በቅርብ ያየ እሱ ብቻ ነዋ! ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እንዲህ እያለ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ነገሩ የባሰው ደግሞ ስሙ መግነኑ ነው። ሰፈሩ ካፒቴን እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው፣ ዝም ብሎ ዕቃ አያስገዛም እያለ ያደንቀው ጀመር። ነጅላ ግን እየተለወጠች መጣች። በፊት ስታየው ሮጣ ትስመው የነበረች ልጅ፣ አሁን ከሩቅ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች። እሱ ይህንንም ጠረጠረ። አባቷ ነግሯታል አለ። ፈለቀች አንድ ጠዋት ቁርሱን እያቀረበች፣ "ልጅቷ ምን አደረገችህ?" ብላ ጠየቀችው። እሱም አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ ብሏት ሳይበላ ወጣ።

በመጨረሻ ሙሀመድሁሴን ሥራውን ትቶ፣ አይሱዙዋን አስነስቶ መጣ። ዛሬ ሳንገዛ አንመለስም፣ ፈተናው ደርሷል አለ። ሦስቱም ጋቢና ገቡና ሳሪስ፣ ሙሉአለም የሚባል ነጋዴ ሱቅ ወረዱ። ሙሉአለም ስለ ካፒቴን ወሬ ቀድሞ ደርሶታል፤ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቃቸው። ማሽኑን ከፍቶ፣ የማብረሪያ መሪውን፣ ጆይስቲኩን፣ ሰክቶ፣ ሲሙሌተሩን ደብረ ዘይት ሜዳ ላይ አቁሞታል። ወንበሩን ሳበለትና፣ "ካፒቴን፣ እኔ ምን አወራለሁ፤ እርስዎ ራስዎ አስነስተው ይዩት" አለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። አሻግሬ ወደ በሩ አየ፤ ሙሀመድሁሴን በሩ ላይ ቆሟል። ሆን ብሎ ነው የቆመው አለ በልቡ። ሌላ ገበያተኛም ካፒቴን ሲያበርር ለማየት ተጠጋ። ተቀመጠ። ጆይስቲኩን ያዘ፤ ሙሉአለም ሞተሩን በየት በኩል እንደሚያስነሳ በትሕትና ጠቆመው፤ አውሮፕላኑም ተንቀሳቀሰ።

ግቢውን ያውቀዋል። ነዳጅ ሲያደርስ የኖረበት ሜዳ ነው። አውሮፕላኑን በቀስታ፣ መስመሩን ሳይስት ነዳው። ኩርባው ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዝ አደረገ፣ ወደ ቀኝ ሰፋ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ስፖኪዮ በሌለበት በግራ ትከሻው በኩል ወደ ኋላ አየት አደረገ። ሁለተኛውም ኩርባ ላይ እንዲሁ። ሙሉአለም ማኮብኮቢያው ይኸውልዎ ቢለው፣ ሳይሞቅ አይነሳም ብሎ አልፎት ሄደ። አንድ ዙር ዞረ፤ ደግሞ ሊዞር ጀመረ። ነጅላ ከኋላው ሆና፣ "ጋሼ ካፒቴን፣ መቼ ነው የምንነሳው?" አለች።

እጁ ቆመ፤ አውሮፕላኑም ቆመ። አንድ ገበያተኛ ሳቅ አለ። ይኼኔ ሙሀመድሁሴን ከበሩ ላይ መጥቶ እጁን የአሻግሬ ትከሻ ላይ አሳረፈና፣ ካፒቴን አይተውታል፣ ይኼኛው ሆኗል፣ ጠቅልልልን አለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ሙሉአለም በደስታ ካርቶን ፍለጋ ሮጠ።

ውጭ፣ ነጅላ የሞኒተሩን ካርቶን ይዛ ጋቢና ገብታ ስትቀመጥ፣ ሙሀመድሁሴን አሻግሬን ከመኪናዋ ኋላ አቆመው። ያን ሁሉ ዘመን እርስዎ ሲለው የኖረ ሰው አንተ አለው።

"የአሰብ መስመር ስንት ዓመት ነዳህ?"

"ማን ነገረህ? ኦላና ነው?"

"ኦላና? ቤቱን ሊያሳድስ አሸዋ አምጣልኝ ያለኝ ሰውዬ? እሱ ደግሞ አንተን የት ያውቅሃል?" ሙሀመድሁሴን ግራ ገብቶት አየው። "ማንም አልነገረኝም። ኩርባው ላይ ከኋላህ የሌለውን ተሳቢህን ስትጠብቅ አየሁህ። እኔም ልጅ ሆኜ እዚያ መስመር ላይ ረዳት ነበርኩ፤ ተሳቢ የጎተተ እጅ እስኪሞት አይረሳም።"

አሻግሬ አሁን ይሰድበኛል፣ ነገ ደግሞ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያወራልኛል ብሎ ጠበቀ። ሙሀመድሁሴን ግን መንጃ ፈቃድ እንዳለው ጠየቀው። አለው፤ በየጊዜው ያሳድሳታል፤ ለምን እንደሚያሳድሳት ራሱም አያውቅም። ሙሀመድሁሴን ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠለትና ጉልበቴን ያመኛል፣ አንተ ንዳ ብሎ በዚያኛው በር ገባ።

አሻግሬ መሪ ከጨበጠ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው። ካፒቴን የተባለ ሰው ሹፍርና ልቀጠር ብሎ አይለምንማ። ማርሹ መጀመሪያ እምቢ አለው፤ ሳሪስ አቦን ሲያልፉ ግን እጁ ለመደ። ደስ አለው፤ ደስታው ራሱ አስጠረጠረው። ይህ ሰው ለምን ዝም አለኝ? ምን ሊያስከፍለኝ ነው?

ነጅላ ከመሀል ሆና፣ ካርቶኑን አቅፋ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ ብላ አየችው። "ጋሼ ካፒቴን፣ ዛሬ ማታውኑ እንጀምር? ፈተናው እኮ ደረሰ።"

አሻግሬ ወደ አባትየው አየ። ሙሀመድሁሴን በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነው፤ አያግዘውም፤ አያጋልጠውም።

"ነጅላ" አለ አሻግሬ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። "እኔ ማብረር አልችልም። አብርሬም አላውቅም። የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነበርኩ።"

ሳቋን ጠበቀ። ስድብም ቢሆን ጠበቀ፤ ለሱም የሚመልሰው ነበረው። እሷ ግን ወደ እሱ ዞረች።

"እንዴ፣ ታዲያ የፒያሳው ምን ሆኖ ነው የመለሱት?" አለችው። "የመገናኛውስ? የቦሌውስ?"

ያን ሁሉ ጊዜ ማን ምን ያውቅብኛል ብሎ ሲጠረጥር፣ ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን አላሰበውም።

"ምንም አልሆኑም" አለ። "ሁሉም ደህና ነበሩ፣ ልጄ።"

ነጅላ ካርቶኑን ወደ ደረቷ ሳበችው። "እስካሁን ስንት በተለማመድኩ" አለች ቀስ ብላ።