ከሉዋር ወንዝ ያመጣሁት መልእክት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ቀፊራ ገበያ በሄድኩበት ባጃጅ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የአንድ ግንብ ፎቶ ተለጥፎ አየሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ከሥሩ ሰፊ ወንዝ። የት እንደሆነ ሾፌሩን ብጠይቀው፣ «እኔ እንጃ አባባ፣ ባጃጁን ስገዛው ነበረበት» አለኝ። እኔ ግን እንዲያ ያለ ግንብ በእግሬ ዞሬ አይቻለሁ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እኔና የሰፈሬ ልጅ መሐዲ የባቡር ሞተር ጥገና እንድንማር ከድሬዳዋ ወደ ፈረንሳይ ተልከን፣ ሥልጠናው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንድ እሑድ መሐዲ ሉዋር ወንዝ ዳር ያለውን የነገሥታት ግንብ እንይ አለኝ። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፖም ይዘን ሄድን።

ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፤ መንገዱ ሁሉ ርጥብ ነው። ውስጡን ስንዞር እኔን የገረመኝ የንጉሡ አልጋ ማጠር ነበር። መሐዲ ግን ምንም የሚያይ አይመስልም። ወጥተን ከወንዙ በላይ ካለው አጥር ላይ ተቀመጥን። የእኛ የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ያ ወንዝ ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል።

«አልመለስም» አለ መሐዲ፣ እንቁላሉን እየላጠ።

የቀለደ መስሎኝ ፖሜን ገመጥኩ።

«ዋላሂ አልመለስም። እዚህ አንድ ጋራዥ ሊቀጥረኝ ነው። ለሆዮ አንተ ንገርልኝ።»

ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። እናቱ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም፤ እኔም እንደ እሱ ሆዮ ነበር የምላት።

«ለምን አትጽፍላትም?»

«ማንበብ አትችልም። ጎረቤት ከሚያነብላት ካንተ ትስማው።»

«መቼ ይመጣል ልበላት?»

የእንቁላሉን ቅርፊት ወደ ውሃው ጣለ። «እሱን ተወው» አለ።

ልከራከረው እችል ነበር፤ አልተከራከርኩም። የቀረውን ዳቦ ተካፍለን በላንና ተመለስን።

ከጅቡቲ ወደ ድሬ በባቡር ስመጣ፣ ሥልጠናው ተራዝሞበት ነው ልላት ወሰንኩ። በማግስቱ ሆዮ ጨርቅ ወደምትሸጥበት ወደ ቀፊራ ሄድኩ። ለአንዲት ሴት ጨርቅ ትለካለች። እኔን ከማየቷ በፊት ከኋላዬ ማን እንዳለ አየች።

«መሐዲስ?»

ያዘጋጀሁት ውሸት ከአፌ አልወጣ አለ። «እዚያው ቀረ፣ ሆዮ። ሥራ አግኝቷል።»

«ታሟል?»

«አልታመመም።»

«ሚስት አግብቷል?»

«አላገባም።»

«ታዲያ አንተ ለምን መጣህ?»

ጨርቁን ለክታ ጨረሰች፣ ቀደደች፣ አጥፋ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ሻይ አስመጣችልኝ።

መሐዲ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጣ። እናቱ በሕይወት ነበረች። ሁለት ሳምንት ከጎኗ ሳይለይ ከርሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

አሁን ከሁለታችን ማን ልክ እንደነበረ መመዘን ትቻለሁ። እሱም እዚያ አርጅቷል፣ እኔም እዚህ። እውነቱን በመንገሬ ግን ተጸጽቼ አላውቅም። ያን ዘጠኝ ዓመት ቢያንስ እያወቀች ጠበቀችው።