ጭንብል ያደረገች ጓደኛዬን የፈነከትኩ ቀን

አልተባረርኩም! ከሁሉም በፊት ይህን እወቁልኝ። እንዲያውም ሐሙስ ወላጆች በተሰበሰቡበት የጻፍኩትን እንግሊዝኛ ቆሜ አነባለሁ። መምህር ጉሌድ ዛሬ ጠዋት ወረቀቴን እያውለበለበ መጣና «አንቺ ልጅ፣ ሁለት መስመር ጻፊ ብትባዪ አራት ገጽ? ሐሙስ ወላጆች ፊት ታነቢዋለሽ» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ባጃጅ ሳልይዝ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈራችን ድረስ በሩጫ ነው የመጣሁት። እናቴ ሳለከልክ ስታየኝ «ማን ሞተ?» አለች። እኛ ቤት በሩጫ የሚመጣ ወሬ አንድ ዓይነት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የስደት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከቤታቸው የሚወጡት በሌሊት ነው፤ እኛ ግን የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ ዙህር ሰግደን ምሳ ሳናነሳ ነው። በራችን ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቀስ ተብሎ፣ ጎረቤት እንደሚያንኳኳው። ሰላምታ ግን የለውም። ልብስ ሰፊው አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከፈተ። ፊታቸውን በሻርፕ የጠቀለሉ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ በዚያው ሜትር አንቆ ወደ ውጭ ጎተተው፣ ሌላው በብረት ጭንቅላቱን መታው። ሁለተኛ ሲመታው የአባቴ እጆች ወደቁ። ከዚያም በኋላ መምታቱን አላቆሙም። ፊታቸው ስለማይታይ እግር እግራቸውን አየሁ። የአንዱን ቡናማ ሰንደል አውቀዋለሁ፤ ማሰሪያው ተበጥሶ አባቴ በቀይ ክር የሰፋለት ነው፤ በነጻ።

እናቴ አንስታ በጓሮ አጥር አሻግራ ወረወረችኝና ተከትላኝ ዘለለች። ቆርቆሮው ክንዴን ከክርን እስከ አንጓ ቀደደው። ቶጎ ውጫሌ ስንደርስ ቁስሌን ያሰርኩበት ሻሽ ከደሙ ጋር ደርቆ ከክንዴ አልላቀቅ ብሎ ነበር። የድንበሩ ፖሊስ «ሻንጣችሁስ?» አለ። እናቴ እኔን አሳየችው።

ሀርጌሳ ላይ እናቴ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆነች። ሰው ሩዝና ሥጋ ላይ ሙዝ ልጦ ሲበላ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄ አመለጠኝ፤ አሁን ያለ ሙዝ ሩዝ አይወርድልኝም። የጥቅምትን ነገር ግን አልለመድኩትም። በእኛ አገር ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ሜዳው ገና ቢጫ ነው፤ እዚህ አቧራ ነው።

በዚህ ጥቅምት ነው መምህር ጉሌድ የሀሎዊን ቃላት ያለበት ወረቀት ያደለን። የሀርጌሳ ሰው ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ ሲናደድ አማርኛው ይመጣበታል። ጎስት፣ ስኬልተን፣ ኖክ፣ ማስክ፣ ብለድ፣ ስክሪም፣ ግሬቭ፤ የሙት መንፈስ፣ አጽም፣ ማንኳኳት፣ ጭንብል፣ ደም፣ ጩኸት፣ መቃብር። ክፍሉ «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ተንጫጫ።

«አክብሩ አላልኩም፣ አጥኑ ነው ያልኩት» አለ። «ፈረንጆቹ የዱባ ሆድ ጎርጉረው ያወጡና ዓይንና ጥርስ ይቀርጹለታል።»

«ውስጡንስ?» አለች ሆዳን፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ። «ይጥሉታል?»

ክፍሉን ከጎስቱ ይልቅ የዱባው መጣል አስደነገጠው።

በማግስቱ በተግባር እንማር ተባለ። ሆዳን ጭንብል አድርጋ ከውጭ ታንኳኳለች፣ «ትሪክ ኦር ትሪት»፣ ከረሜላ ወይ ተንኮል፣ ትላለች፤ እኔ ከፍቼ ከረሜላ እሰጣለሁ። ሳቅን፣ ተዘጋጀን። በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ። እዚህ አገር ሰው ከማንኳኳቱ በፊት «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል፤ የእኛ ቤት ደግሞ ስሙንም ካልተናገረ ለማንም አይከፈትም፣ የእናቴ ሕግ ነው። ከፈትኩ። ሁለት ቀዳዳና በቀይ እስክሪብቶ የተሳለ ጥርስ ያለው ካርቶን ቆሟል። ከረሜላው መቼ ከእጄ እንደወደቀ፣ የብረት ኮዳዬን መቼ እንዳነሳሁ አላውቅም። ግንባሯን መታሁ። ደገምኩ። ደሙ በዓይኑ ቀዳዳ ወጣ። ለሦስተኛ ስነሳ እግሯን አየሁ። የሆዳን ቢጫ ፕላስቲክ ጫማ ነው።

«አንቺ እብድ!» አለች፣ እኔው ባስተማርኳት አማርኛ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ።

ሦስት ቦታ ተሰፋች። የትምህርት ቤቱ ቢሮ ሴትዮ ፎርም ሰጠችኝ፣ መምህር ጉሌድ ያስተረጉማል። «ምክንያትሽን ጻፊ። የልጅቷ ቤተሰብ ካልተስማማ ትባረሪያለሽ።»

«ቦታው ሁለት መስመር ብቻ ነው» አልኩ።

«ሰው ለመፈንከት ከሁለት መስመር የበለጠ ምክንያት አለ እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

እናቴ ደግሞ «ከዚያ ክፍል ከወጣሽ፣ ከእኔ ጋር ሳህን ነው የምታጥቢው» አለች፤ አልጮኸችም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። ቃላቱ በሙሉ እዚያው ወረቀት ላይ ተደርድረው ይጠብቁኝ ነበር! ኖክ፣ ማስክ፣ ስክሪም፣ ብለድ። እጄ ሲፈጥን፣ ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ሲሄድ፣ ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ግሬቭ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የአባቴ የት እንደሆነ አናውቅም። የቀድሞ ጎረቤቶቻችን ስልክ አያነሱልንም። ቃሉን ጻፍኩትና ከፊቱ ክፍት ቦታ ተውኩ።

መምህር ጉሌድ ወረቀቱን ለሆዳንና ለቤተሰቧ አነበበላቸው። ትናንት ከአስር ሰላት በኋላ ከበራችን ውጭ ድምፅ ሰማን።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ሆዳን ነኝ! ፊቴ ባዶ ነው!»

እናቴ ከፍታ ፋሻዋን ሳመቻት። ሆዳን ቤተሰቦቿ እንደማይከሱ ነገረችንና «ሁለተኛ ግን ከረሜላ ሰጪዋ እኔ ነኝ» አለች።

እንግዲህ ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ትምህርት ቤታችን ኑ፤ ሀርጌሳ ያላችሁ የአገሬ ልጆች ሁላችሁም። አቧራ ስለሚያስቸግር በሩ ይዘጋል። አታንኳኩ፤ ሰላም በሉና ስማችሁን ተናገሩ፣ ራሴ እከፍታለሁ። ይህን እዚያ አገር ቤት የምታነበው፣ በቀይ ክር የተሰፋ ሰንደል ያለህ ሰውዬ፣ አንተንም ጠርቼሃለሁ። ፊትህን ግለጥ፣ ስምህን ተናገር፣ ከዚያ አባቴን የት እንደቀበራችሁት ንገረኝ። ክፍት ቦታውን ልሙላው።