ኩርፊያ አይደለም

ልብ ወለዱን ያዋሰችኝ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ደንበኛዬ ናት። ሐይቁ ዳር አሳ ጠብሼ እሸጣለሁ፤ እሷ ምሳዋን እኔ ዘንድ ትበላለች። «ስለ ሴቶች እኩልነት የተጻፈ ነው፤ አንቺ ደግሞ ማንበብ ትወጃለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ወንድሞቼ ጮክ ብለው ሲያጠኑ ከኋላቸው ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

በዚያ ሰሞን የእህቴ ልጅ ባሏን ትታ ከአምባሰል እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ሰውዬው እጁን ማንሳት ልማድ አድርጎታል። የተሰነጠቀ ከንፈሯ ሳይሽር ነው የደረሰችው። ቀን ቀን እኔ ዘንድ የአሳ ቅርፊት ትፍቅልኛለች፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ አነብላታለሁ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። እናትየዋ ታለቅሳለች፤ ደራሲው ልቅሶዋ ይጥመዋል መሰል፣ እንባዋን ገጽ ሙሉ ይስልልናል። ከተማ ያለችው የተማረች ጓደኛ አፏን በከፈተች ቁጥር ስብሰባ ላይ ያለች ትመስላለች፤ ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ የምታወራው ስለ መብት ነው። ሦስተኛዋ ባሏ የሚመታት ናት፤ እኛ የምንጠብቀው እሷን ነበር። የእህቴ ልጅ «አሁን ትሄዳለች፣ ታያለሽ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ደረስንበት። ሴትዮዋ ልብሷን በፌስታል ይዛ በሩን ከፈተች። ደራሲው ምን ብሎ ጻፈ? «አኩርፋ ወጣች።»

የእህቴ ልጅ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አኩርፋ?» አለች። «ጥርሷን አውልቆላት እኮ ነው።»

ማንበቤን ቀጠልኩ። ከጥቂት ገጽ በኋላ ባልየው ተንሰቅስቆ አለቀሰ፣ ሴትዮዋ ተመለሰች፣ ደራሲውም ፍቅር አሸነፈ አለን።

የዚያን ቀን ንዴት እስካሁን አልለቀቀኝም። በእኛ አገር ሴት ከባሏ ቤት ስትወጣ ሌላ ቃል የላትም፤ አኮረፈች ነው። ብትደማም አኮረፈች፣ ልትሞት ብትደርስም አኮረፈች። ኩርፊያ ደግሞ የልጅ ነገር ነው፤ ልጅ ያኮርፋል፣ ያባብሉታል፣ ይበላል። አስባበት፣ ቆርጣ ወጣች ማለት ይከብዳቸዋል። የመንደሬ ሰው እንዲህ ቢል አፉ ለምዶት ነው። ስለ ሴት ነፃነት ጻፍኩ ብሎ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ግን ያንኑ ቃል አንሥቶ በሴትዮዋ ላይ ሲለጥፍ፣ ታዲያ ምኑን ጻፈው?

እሁድ ሽማግሌ መጣ። ከእህቴ ልጅ ባል ወገን አንድ ሼህና አንድ ጎረቤቱ፣ አዲስ ቀሚስ ይዘው እህቴ ቤት ተቀመጡ። ሳይዟት ላይሄዱ ነው የመጡት።

«ልጄ» አሉ ሼሁ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ባልና ሚስት መኳረፍ ያለ ነው። መካሻሽን ይዘን መጥተናል። በይ ተነሽ፣ አላህም ይወድልሻል።»

«እኔ አላኮረፍኩም አባባ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ጎረቤትየው እየሳቀ። «አሳ አምሮሽ ነው?»

«ትቼው ነው የመጣሁት።»

«መተው የወንድ ነው እቴ። ሴት ታኮርፋለች፣ ትታረቃለች።»

«እንግዲያው ቀሚሱን ላኮረፈችው ስጧት።»

እኔ አፌን ልከፍት ስል እህቴ ቀደመችኝ። «ልጄን በመጽሐፍ ያበላሸሽብኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ በሰው ፊት።

«መጽሐፉማ ሴትዮዋን ለባሏ መልሷት ነበር» አልኳት። «እምቢ ያለችው ልጅሽ ራሷ ናት።»

ሼሁ ዱዓ አድርገው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እህቴ ዞር ብለው «ኩርፊያዋ ሲበርድ እንመለሳለን» አሉ። የእህቴ ልጅ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ በጠራ አማርኛ ነግራቸው፣ አልሰሟትም።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ «ልጅሽ አኩርፋ መጣች አሉ?» ብላ እህቴን ጠየቀቻት። የእህቴ ልጅና እኔ ጓዳ ውስጥ ነን። እህቴ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች።

«መጣች» አለች። አኩርፋ የሚለውን ቃል አልደገመችም፤ ሌላም አልጨመረችም።

የእህቴ ልጅ ትንፋሿን ለቀቀች። እናቷ አሳልፋ አትሰጣትም፤ ይሄ በቃት። እኔን ግን አልበቃኝም። እህቴ አፏን ሞልታ «ትታው መጣች» እስክትል ድረስ አልላቀቃትም።