ከቀፎዎች ሥር ያደገችው ሶሬቲ

ታደለች በዳዳ በጉርድ ሾላ ሞባይል መጠገን ከጀመሩ ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበረች። አባቷ ኮተቤ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ከተማ ሲሆን የጥበቃ ሥራ ያዙ፤ እሷን ግን ኤሌክትሮኒክስ አስተማሯት። የአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጥግ በመስታወት ተከልሎላት ትሠራለች። መጀመሪያ ሰዎች የሞተ ቀፎ ይዘው ሲመጡ ወንድ ጠጋኝ እንዳለ ይጠይቋት ነበር፤ ኋላ ግን እሷን በስም እየፈለጉ ይመጡ ጀመር።

ሶሬቲን በ2001 ስትወልድ ልጅ የሚይዝላት አልነበረም። ባሏ ኢታና የታክሲ ሹፌር ስለሆነ ማልዶ ይወጣል። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ሕፃኗን ይዛ ሥራ ገባች። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፋ ከጠረጴዛዋ ሥር አስተኛቻት። ከላይ የተጠገኑት ስልኮች እየተደወለባቸው ይሞከራሉ፤ ከታች ልጅቱ ትተኛለች። ስታለቅስ ታደለች አንዱን ቀፎ መዝሙር ትከፍትበትና ከጆሮዋ አጠገብ ታኖርላታለች።

ሁለት ዓመት ሞላት፤ ቃል የለም። ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ፤ “እማ” እንኳን አላለችም። ኢታና አልተጨነቀም። “እኔ በኦሮምኛ፣ እናቷ በአማርኛ ስለምናናግራት ተምታቶባት ነው፤ እኔም ዘግይቼ ነው አፌን የፈታሁት” አለ።

በሰኔ 2003 አንድ ቀን ታደለች የስልክ ድምፅ ማጉያ እየበየደች ሳለ የሱቁ ሬዲዮ ስለ ሞባይል ጨረር ያወራ ነበር። ተናጋሪው የሕፃናት የራስ ቅል ስስ፣ አእምሯቸውም ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ጨረሩ ከአዋቂ ይልቅ ወደ ውስጥ ሊዘልቅባቸው እንደሚችል አስረዳ። ጉዳት ያድርስ አያድርስ ገና እየተጠና መሆኑንም ጨመረ፤ እሱን ታደለች አልሰማችውም። መበየጃውን አስቀምጣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። ሶሬቲ ካርቶኑ ጠቧት፣ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ የስልክ ክዳኖች ትደራርባለች። በስሟ ጠራቻት። አልዞረችም።

ሥራዋን በቀትር አቋርጣ ልጇን ይዛ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ካርቶን ውስጥ ስንት ወር፣ ስንት ስልክ እየጮኸባት እንዳለፈ ማሰብ መተው አቃታት። ኢታና ስልኩን ሳያጠፋ ደጃፉን እንዳያልፍ አደረገች። ጎረቤት ስልክ ይዛ ስትገባ ሶሬቲን አንስታ ወደ ጓዳ ትሸሻለች። ሐኪም ጋ ግን አልሄደችም። “አዎ፣ አንጎሏ ተጎድቷል፤ የጎዳሻትም አንቺ ነሽ” የሚላትን ሰው ፈራች።

በመጨረሻ ልጇን ስልክ ወደሌለበት ልትወስዳት ቆረጠች። አክስቷ ወለተሥላሴ የሚኖሩት እንጦጦ ራጉኤል አቅራቢያ ነው፤ ቤታቸው መብራት እንኳን አልገባለትም። ደርሳ ከታክሲ ስትወርድ ቀና አለች። ከባሕር ዛፉ በላይ ቀይና ነጭ የተቀቡ ረጃጅም የብረት ማማዎች ቆመዋል፤ አንቴናዎች ተደርድረውባቸዋል። ሙያዋ ነውና የሞገድ ማሰራጫዎች መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጨርቅ ጨረር እንደማያስቆም እያወቀች የልጇን ራስ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ሌላ መሄጃ ስላልነበራት እዚያው ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ከአክስቷ ጋር በመንገድ ዳር ሲሄዱ ሶሬቲ ከእጃቸው አፈትልካ አስፋልቱ መሀል ገባች። አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እያስጮኸ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ጥግ ያዘ። ልጅቱ ለመኪናው ጀርባዋን ሰጥታ ጠጠር ትለቅማለች። ታደለች ሮጣ አፈፍ ስታደርጋት መኪናው ፍሬን ይዞ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሶሬቲ ያኔም አልደነገጠችም። ያለቀሰችው የእናቷን ፊት ስታይ ነው።

ወለተሥላሴ ደረሱባቸውና፣ “ታደሉ፣ ልጅሽ የታመመችው ጭንቅላቷን አይደለም” አሉ። “አትሰማም።”

በማግስቱ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደቻት። በዕድሜ የገፋው ሐኪም ከሁለቱም የጆሮ ታምቡሮቿ ጀርባ ወፍራም ፈሳሽ መጠራቀሙን፣ በትንሽ ቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ ነገራት። ታደለች ካርቶኑን፣ ስልኮቹን፣ መዝሙሩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው።

“እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት?” አለች።

“ፈሳሹን ስልክ አላመጣውም። ጉንፋን የሚደጋገምባቸው ልጆች ላይ እናየዋለን።”

“አእምሮዋስ?”

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። “ስልክ የልጅ አእምሮ ይጎዳል ተብሎ አልተረጋገጠም፤ ጥናቱም አላለቀም። በፍጹም አይጎዳም ብዬ ብምልልሽ እዋሻለሁ። አርቀሽ አስቀምጪው። ልጅሽን ግን አውሪያት፤ ብዙ ወሬ አምልጧታል።”

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በአራተኛው ቀን ኢታና በርሜል ሊሞላ ቧንቧ ሲከፍት ሶሬቲ ጮኻ ከአልጋ ሥር ተደበቀች። ባልና ሚስት እርስ በርስ ተያዩ። ኢታና ዘጋውና መልሶ ከፈተው፤ አሁንም ጮኸች። ታደለች ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሶሬቲ በጥቅምት የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች፤ በአባቷ ቋንቋ “ቢሻን” አለች፣ ውኃ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ዝም የሚያሰኛት ጠፋ።

ታደለች ጥገናውን አልተወችም፤ ልጇ ግን ሱቁን ዳግመኛ አልረገጠችም። ሶሬቲ መዋዕለ ሕፃናት በገባች በሁለተኛው ዓመት መምህርቷ፣ ከሰባት በኋላ ስትቆጥር ትሳሳታለች፣ ቤት አለማምዷት አለች። የታደለች ፊት ሲለዋወጥ አይታ፣ የክፍሉ ግማሽ እንደዚያው መሆኑን አከለችላት። ታደለች አመስግና ወጣች። ደንበኞቿ እየጠበቋት ነበር። እሷ ግን የግቢውን ሽቦ ይዛ፣ ሶሬቲ ከጓደኞቿ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት፣ የትኛው ሣጥን ላይ እንደምትሳሳት ለማየት እስከ ምሳ ሰዓት ቆመች።